ጁሊ አንድሩስ በራሷ ድምፅ ነው የዘፈነችው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣ እኔ ጎንደር ማራኪ አካባቢ የምኖር፣ በአንድ የቴአትር ክበብ የምተውንና አልፎ አልፎም በሠርግ ላይ የምዘፍን ወጣት ነኝ። በቅርቡ ከክበባችን አባላት ጋር «ሳውንድ ኦቭ ሚውዚክ» የተባለውን የቆየ ፊልም ካየን በኋላ ክርክር ተነሣ። ከፊሎቻችን ዘፈኖቹን የዘፈነችው መሪ ተዋናይቷ ጁሊ አንድሩስ ራሷ ናት ስንል፣ ሌሎቹ ደግሞ በዚያ ዘመን ተዋንያኑ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ሌላ ሰው ይዘፍንላቸው ነበር ብለው ሞገቱን፤ የተረታው ወገን ቡና እንዲጋብዝም ተስማምተናል። ከዚህ ሌላ፣ ይህች ሴት ድምፅዋን አጥታለች የሚባለው እውነት ከሆነ በሙያው ላይ እንዴት ልትቆይ ቻለች? በመጨረሻ አንድ የግል ጉዳይ ላማክራችሁ። ጓደኞቼ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ወይ ትወናውን ወይ ዘፈኑን ምረጥ» ይሉኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ስሜ ይቆይ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ከክርክሩ ብንጀምር፣ ጠያቂያችን ረትተዋል። በ1965 ለእይታ በበቃው በዚህ ፊልም ውስጥ የመሪ ገጸ ባሕርይዋን የማሪያን ዘፈኖች በሙሉ የዘፈነችው ጁሊ አንድሩስ ራሷ ናት። (በዚህ መልስ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ የባለጋራዎችዎም ሙግት መሠረት የለውም አይባልም። በዚያው ፊልም ካፒቴን ፎን ትራፕን ሆኖ የተጫወተው ክሪስቶፈር ፕላመር ሲዘፍን የምትሰሙት ድምፅ ቢል ሊ የተባለ ድምፃዊ ነው። ይባስ ብሎ ከመነኮሳይቱ አንዷ ሆና የምትታየው ማርኒ ኒክሰን በሌሎች ፊልሞች ውስጥ ፊቷ ሳይታይ ለታላላቅ ተዋንያት ስትዘፍን የኖረች ባለሙያ ናት። ስለዚህ የቡናውን ሒሳብ ተካፍላችሁ ብትከፍሉ ፍርድ ጎደለ የሚል አይኖርም።

የማርኒ ኒክሰን ስም መነሣቱ ደግሞ ወደ ዋናው ነገር ያደርሰናል፤ የጁሊ አንድሩስን የሙያ ታሪክ ከ«ማይ ፌር ሌዲ» ውጭ መረዳት አይቻልምና። ይህ ሙዚቃዊ ተውኔት በ1956 በኒው ዮርክ ብሮድዌይ መድረክ ላይ ሲከፈት፣ በለንደን ጎዳና አበባ የምትሸጠውን ኢላይዛ ዱሊትልን ሆና የተጫወተችው የ20 ዓመቷ ጁሊ ነበረች። በልምምዱ ወቅት ያስቸገራት ዘፈኑ አልነበረም፤ እሱ ከልጅነቷ ጀምሮ የኖረችበት ነው። ያቃታት ትወናው ነበር። አብሯት የሚጫወተው ስመ ጥሩ ሬክስ ሃሪሰን ልጅቷ ለቦታው አትመጥንም ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። አዘጋጁ ሞስ ሃርት የቀሩትን ተዋንያን በሙሉ አሰናብቶ አንድ ቅዳሜና እሑድ ከእሷ ጋር ብቻ ተቀመጠ፤ ቃለ ተውኔቱን መስመር በመስመር እያስደገመ፣ የተሳሳተ አነጋገር ሲሰማ እያስቆመ፣ አቋቋሟንና አያያዟን ሳይቀር እያረመ ሠራላት። ጁሊ ራሷ ተዋናይ ያደረገኝ ያ ሁለት ቀን ነው ስትል ደጋግማ ተናግራለች። በእኔ በኩል ከተቀበለቻቸው ሽልማቶች ሁሉ ይልቅ ይህ ሁለት ቀን ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ተውኔቱ ወደ ፊልም ሲለወጥ የስቱዲዮው ባለቤት ጃክ ዋርነር በሲኒማ ተመልካች ዘንድ የታወቀች ኮከብ ስለፈለገ ቦታውን ለኦድሪ ሄፕበርን ሰጠው። የኢላይዛን ዘፈኖች አብዛኞቹን ግን የዘፈነችላት ያችው ማርኒ ኒክሰን ነበረች። በዚህ መካከል ዋልት ዲዝኒ ጁሊን በመድረክ ላይ አይቶ ለ«ሜሪ ፖፒንስ» ፊልም ጠየቃት፤ ነፍሰ ጡር ነኝ ብትለውም እስክትወልድ እንጠብቅሻለን አላት። ሁለቱም ፊልሞች በ1964 ወጡ። በቀጣዩ ዓመት የኦስካር ሥነ ሥርዓት ላይ ሬክስ ሃሪሰን በ«ማይ ፌር ሌዲ» ሲሸለም፣ ኦድሪ ሄፕበርን ለዕጩነት እንኳ አልቀረበችም፤ የምርጥ ተዋናይት ሽልማቱን በ«ሜሪ ፖፒንስ» የወሰደችው ጁሊ ሆነች። ከዚያ ቀደም ብሎ በጎልደን ግሎብ መድረክ ላይ ሽልማቷን ስትቀበል፣ ይህ ሁሉ እንዲሆን ምክንያት የሆነውን ጃክ ዋርነርን አመሰግናለሁ ማለቷ አዳራሹን በሣቅ አናውጦት ነበር። (ሬክስ ሃሪሰን ዘፈኖቹን በአብዛኛው ከመዝፈን ይልቅ በሙዚቃው ምት ላይ እየተናገረ የተጫወተ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።)

ስለ አስተዳደጓ ባጭሩ ለመናገር፣ በ1935 በእንግሊዝ አገር በሰሪ አውራጃ ተወለደች። እናቷ ፒያኖ ተጫዋች፣ የእንጀራ አባቷ ዘፋኝ ስለነበሩ፣ ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው በቡርቧክስ እንደሚያድጉት የአዝማሪ ልጆች ሙያውን ያገኘችው ከቤት ነው። በ12 ዓመቷ በለንደን ሂፖድሮም መድረክ ላይ ከኦፔራ የተወሰደ አስቸጋሪ ዜማ ዘፍና ተመልካቹን አስደመመች፤ በ13 ዓመቷም በንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ፊት ቀረበች። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን የሙዚቃዊ ፊልም ዘመን እያለፈ ሄደ፤ በ1968 እና በ1970 የሠራቻቸው ሁለት ውድ ፊልሞች ኪሳራ ሆኑ። ባለቤቷ ብሌክ ኤድዋርድስ ባዘጋጀው በ1982ቱ «ቪክተር ቪክቶሪያ» ግን እንደገና ለኦስካር ታጨች።

አሁን ወደ ድምፅዋ እንምጣ። «ቪክተር ቪክቶሪያ» ወደ መድረክ ተውኔት ተለውጦ በ1995 በብሮድዌይ ሲቀርብ ጁሊ ማታ ማታ ስትዘፍን ቆየች፤ ድምፅዋም ይጎረንን ጀመር። በ1997 በጉሮሮዋ ላይ የተደረገው ቀዶ ሕክምና የዘፈን ድምፅዋን ይዞባት ሄደ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2000 በስምምነት ተቋጭቷል። እንዲህ ያለው ጉዳት ንግግርን ሳይነካ ዘፈንን እንዴት ያጠፋል ለሚለው ምላሹ ይህ ነው። ድምፅ የሚወጣው በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ከሳንባ በሚመጣ አየር ሲርገበገቡ ነው። ለከፍተኛ ድምፅ አውታሮቹ ተወጥረው እጅግ በፍጥነት መርገብገብ አለባቸው፤ ጠባሳ ያለበት አውታር ግትር ስለሚሆን ይህን አይችልም። ለንግግር የሚያስፈልገው ግን ጠባብና ዝቅ ያለ የድምፅ መጠን ስለሆነ፣ ድምፅ ቢሻክርም ንግግሩ ይቀጥላል።

የቀራት እንግዲህ ንግግሯ ነበር፤ ንግግሯ ደግሞ ሞስ ሃርት መስመር በመስመር የገራው ነው። በ2001 «ፕሪንሰስ ዳየሪስ» በተሰኘው ፊልም ንግሥት ሆና ስትመለስ አዲሱ ትውልድ ያወቃት ዘፋኝ መሆኗን እንኳ ሳይሰማ ነው። በ2004 በ«ሽሬክ 2»፣ በ2010 በ«ዴስፒከብል ሚ» የካርቱን ገጸ ባሕርያትን በድምፅ ተጫወተች፤ ከ2020 ጀምሮም በ«ብሪጀርተን» ተከታታይ ድራማ ፊቷ ሳይታይ ተራኪ ሆና ትሰማለች። በሌሎች ፊት ላይ ድምፅ ስለማልበስ ስትከራከሩ የሰነበታችሁ ሁሉ ይህ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ከዚህ በተጨማሪ ከልጇ ጋር የሕፃናት መጻሕፍት ትጽፋለች፤ በ2003 ደግሞ ገና 19 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት ብሮድዌይን የተቀላቀለችበትን «ዘ ቦይ ፍሬንድ»ን ራሷ አዘጋጅታለች።

ስለ ግል ጥያቄዎ፣ የጓደኞችዎ ምሳሌ እዚህ ላይ የሚሠራ አይመስለኝም። በሙዚቃዊ ተውኔት ዘፈኑ የንግግሩ ቀጣይ ነው፤ ገጸ ባሕርይው በንግግር ሊገልጸው ያልቻለውን በዜማ ይቀጥለዋል እንጂ ሌላ ዛፍ አይወጣም። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት በሠርግ ላይ እየዘፈኑ ድምፅዎን አሠልጥነዋል፤ ብዙ ዘፋኞች የሚሰንፉት በቃለ ተውኔቱ ነው። የክበባችሁን አዘጋጅ ለሁለት ቀን ያህል ብቻውን ከእርስዎ ጋር ተቀምጦ ንግግርዎን እንዲያርምልዎ ይለምኑት፤ ዘፈኑ በዚያ ሁለት ቀን ቢቀር ምንም አይሆንም። ድምፅዎ ከሦስት ሳምንት በላይ ከጎረነነ ግን «ከሠርጉ በኋላ» ሳይሉ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይሂዱ።