«ገመናችንን ለማን ነው የምናወራው?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ጭንቀት ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ መልእክት ደርሶኛል። አብዛኛው የመጣው ከከተማው ዳር ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን ጉራ፣ ከየካ አባዶ፣ ከጀሞ። እኔም በሳይኮሎጂስትነት የምሠራው እዚሁ ዳር ስለሆነ ብዙው ነገር ከማማከሪያ ክፍሌ የማውቀው ነው። ሰባቱን መርጫለሁ። ጠያቂዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

«ኮንዶሚኒየም ደርሶን ኮዬ ፈጬ ከገባን 3 ዓመታችን ነው። ባለቤቴ ንጋት 11 ሰዓት ይወጣል፣ ማታ 3 ሰዓት ይገባል። ድሮ ጉለሌ አንዲት ክፍል ተከራይተን ስንኖር እያወራን ነበር የምንተኛው። አሁን ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ውሃ መጥፋት ካልሆነ ቃል አንለዋወጥም። አማካሪ ጋ እንሂድ ስለው “ገመናችንን ለማን ነው የምናወራው?” አለኝ። ብቻዬን ብሄድ ጥቅም አለው?»

አለው፣ ብቻሽንም ቢሆን ሂጂ። ከሁለቱ አንዱ አነጋገሩን ሲቀይር የሌላውም መልስ ይቀየራል። ብዙ ባሎች ወደ እኔ የመጡት ሚስታቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻዋን ከመጣች በኋላ ነው።

ግን መጀመሪያ ስለ ገመና እናውራ። ባለቤትሽ ግትር ሆኖ አይመስለኝም። የቤት ነገር ከቤት አይወጣም ተብሎ አድጓል። ወሬው ሰፈር እንዳይደርስ ይፈራል። ባለሙያ የሰማውን መጠበቅ የሙያው ግዴታ መሆኑን ንገሪው። ምስጢሩ የሚነሳው የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነው።

ምናልባት አማካሪ ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት ሽማግሌ ይሆናል። ሽማግሌ ሁለታችሁንም ሰምቶ ጥፋተኛውን ይለያል፤ «አንተም ተው፣ አንቺም ተዪ» ብሎ አስታርቆ ይሸኛችኋል። ትልቅ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። አማካሪ ግን አይፈርድም። ጠቡ እንዴት እንደሚጀመር፣ ማን ዝም እንደሚል፣ ማን እንደሚጮህ፣ ከዝምታው ኋላ ምን እንዳለ ከእናንተው ጋር ይፈልጋል። አንድ ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ።

የሚያሳዝነኝ ሰው የሚመጣው ዘግይቶ መሆኑ ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ ለሚጠይቁ ጥንዶች ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜ መስጠት እንዲችል ያደርጋል። በዚያች 3 ወር ውስጥ የሚደውሉልኝ ብዙ ናቸው። አንቺ ገና «ድሮ እናወራ ነበር» ስትዪ ነው የጻፍሽልኝ። ይህ ተስፋ ይሰጠኛል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ማታ 3 ሰዓት፣ ሁለት አውቶቡስ ተጋፍቶ የገባን ሰው «እንነጋገር» አትበዪው። እሑድ ጠዋት ቡና ላይ ይሁን። ደግሞ «አማካሪ ጋ እንሂድ» ስትዪው የሚሰማው «ባል መሆን አቅቶሃል» የሚል ሊሆን ይችላል። «ናፍቀኸኛል» ብለሽ ጀምሪ። እውነቱም እሱ ነው፤ ከደብዳቤሽ የተረዳሁት እሱን ነው።

መንገዱ ከከበደሽ በስልክ የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ። ሰው የማይሰማሽ ቦታ ብቻ ፈልጊ፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። አንዲት ደንበኛዬ ከብሎካቸው ጀርባ ባለው ሜዳ እየተራመደች ነበር የምታናግረኝ።

«ሳይካትሪስትና ሳይኮሎጂስት ልዩነታቸው ምንድን ነው? የትኛው ጋ ልሂድ?»

ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት በንግግር ነው የሚረዳህ፤ መድኃኒት አያዝም። በመንግሥት ጤና ተቋም ቀድመህ የምታገኘው ብዙ ጊዜ የሳይካትሪ ነርስ ወይም በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ ይሆናል፤ ካስፈለገ ሪፈር ይጽፍልሃል። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለህ ወይም ሥራ መሥራት ካቃተህ ከሐኪም ጀምር። ለትዳር፣ ለሐዘን፣ ለቤተሰብ ጠብ ሳይኮሎጂስት ጋ መጀመር ይቻላል። የግል ከሆነ ከመሄድህ በፊት ደውለህ ትምህርቱን፣ የሙያ ፈቃዱንና የአንዱን ቀጠሮ ዋጋ ጠይቅ። መጠየቅ ነውር የለውም።

«እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ከካዛንቺስ ተነስተን ገላን ጉራ ከገባን ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች። “ሰውነቴን ያቃጥለኛል” ትላለች፣ አትተኛም፣ ቡና እንኳ አታፈላም። ሦስት ክሊኒክ ወሰድኳት፣ ምርመራው ሁሉ ደህና ነው። በመጨረሻ ፍሉኦክሴቲን ታዘዘላት። አንድ ሳምንት ወስዳ “ምንም አልለወጠኝም፣ ሱስም ያስይዛል አሉኝ” ብላ ተወችው።»

እናትሽ «ከፍቶኛል» ላትል ትችላለች። የእሷ ትውልድ ሐዘኑን በሰውነቱ ነው የሚናገረው። ያቃጥለኛል፣ ራሴን ይወረኛል፣ ልቤን ያፍነኛል ይላል። ስለዚህ ምርመራው ደህና ነው ብለሽ «ምንም የለብሽም» አትበያት። አለባት።

ምን እንደጣለች አስቢው። ስሟን ጠርታ ሽንኩርት የምትመርጥላት የጉሊት ሴት፣ የጽዋ ማህበሯ፣ ዕድሯ፣ በእግሯ የምትደርስበት ቤተ ክርስቲያን፣ ሳታንኳኳ የምትገባ ጎረቤት። ይህን ሁሉ አጥቶ ማዘን ሕመም አይባልም። ሐዘኑ ግን ሳምንታት አልፎት እንቅልፍና ምግብ ሲነሳ፣ የምትወደው ነገር ሁሉ ሲያስጠላት፣ ድባቴ ሆኗል ማለት ነው። ድባቴ ደግሞ ይታከማል።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ፍሉኦክሴቲን የድባቴ መድኃኒት ነው፤ እንደ ራስ ምታት ክኒን በሰዓት ውስጥ አይሠራም። ለውጡ መታየት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ እናትሽ ያቆመችው ሥራውን ሳይጀምር ነው። ሱስ አያስይዝም። ሱስ የሚያስይዘው ሰው ለእንቅልፍ ብሎ ከፋርማሲ ለረጅም ጊዜ የሚወስደው እንደ ዳያዚፓም ያለው ነው፤ ሁለቱ ይምታቱባቸዋል። ከተሻላት በኋላም ወራት ትወስደዋለች፤ የሚቆመው በሐኪሙ ምክር፣ ቀስ እየተባለ ነው። አሁን ያዘዘላት ሰው ጋ መልሰሽ ውሰጃት። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት፣ አስፕሪንም ጭምር የምትወስድ ከሆነ ይዘሽ ሂጂና አሳዪው።

ክኒኑ ግን ጎረቤት አይመልስላትም። ያ የእናንተ ሥራ ነው። ከካዛንቺስ የተነሳው ሰው ብዙው እዚያው ገላን ጉራ ነው ያለው። ከሦስት ብሎክ ወዲያ የድሮ ጎረቤቷ ትኖር ይሆናል፤ እሷም ልክ እንደ እናትሽ በሯን ዘግታ። ፈልገሽ አገናኛቸው። በወር አንዴ ኮንትራት ይዘሽም ቢሆን ለዕድሯ ስብሰባ አድርሻት። ቡናውንም እሷ አታፍላ፤ አንቺ አፍዪና አጠገብሽ ትቀመጥ።

«የሜትር ታክሲ ሹፌር ነኝ። ቀለበት መንገድ ላይ እየነዳሁ ልቤ ሊወጣ ደረሰ፣ እጄ ደነዘዘ፣ የምሞት መሰለኝ። ድንገተኛ ክፍል ገብቼ ልቤ ታየ፣ “ደህና ነህ፣ ጭንቀት ነው” አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ አልነዳም። እንጀራዬ ነው፣ ምን ላድርግ?»

የደረሰብህ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ይመስላል። ሰውነት አደጋ ሳይኖር የአደጋ ደወል ይደውላል። በ10 ደቂቃ ገደማ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። የሞት ያህል ያስፈራል፣ ግን አይገድልም። ሲመጣብህ ጥግ ይዘህ ቁም። እስከ 4 እየቆጠርክ አየር ሳብ፣ እስከ 6 እየቆጠርክ አውጣ። አወጣጡ ከአሳሳቡ ይርዘም።

ትልቁ ችግር ግን መንገዱን መሸሽህ ነው። ሽሽት ፍርሃትን ያሳድጋል፤ ዛሬ ቀለበት መንገድ፣ ነገ ድልድይ፣ ከነገ ወዲያ መሪውን መያዝ ይሆናል። እሑድ ማለዳ መንገዱ ባዶ ሲሆን ጓደኛህን አስቀምጠህ አንድ መውጫ ያህል ንዳ። በሚቀጥለው ሁለት። የተወሰኑ ቀጠሮዎች ከባለሙያ ጋር ብታደርግ በዚህ ችግር ላይ ጥሩ ውጤት አለው። ሌሊት ለመንዳት ጫትና ኢነርጂ ድሪንክ የምትጠቀም ከሆነም ደወሉን የሚደውሉት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ደረትህን ደረጃ ስትወጣ ወይም ዕቃ ስታነሳ የሚያምህ ከሆነ ግን እንደገና ሐኪም ጋ ሂድ።

«ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ብቻውን ያወራል፣ ምግቤ ተመርዟል ይላል። አማኑኤል ወስደነው መድኃኒት ጀመረና ተሻለው። አሁን ጸበል ገብቷል። እዚያ ያሉ ሰዎች “ጸበልና መድኃኒት አይደባለቅም” ብለው አስጣሉት። አባቴ ተስማምቷል። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ደህና ነው፣ እኔ ግን ፈርቻለሁ። የምንኖረው የካ አባዶ ነው።»

ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ይህ ሕመም መድኃኒት በቆመ ማግስት አይመለስም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። በመሃል ያለው ጊዜ ነው ሰውን የሚያታልለው። ደህና መሆኑን ያዩ ሁሉ «ይኸው ያለ መድኃኒት ዳነ» ይላሉ። ሲመለስ ደግሞ ከበፊቱ ሊብስ ይችላል።

አባትሽን ከጸበሉ ጋር አታጣዪው። ጸበሉ ይቀጥል፣ መድኃኒቱም ይቀጥል። «ሁለቱንም ውሰዱ» የሚሉ ካህናት ብዙ ናቸው። የሚያስጥሉት ብዙ ጊዜ አብረው ያሉ አስታማሚዎች ናቸው። የንስሐ አባታችሁን በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ፤ አባትሽ ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ይሰማል። ጾሙ ካስቸገረ ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ማታ ሊያዞርለት ይችል እንደሆነ ጠይቂ። በየቀኑ መዋጥ ካስጠላው በወር አንዴ ገደማ የሚሰጥ መርፌም አለ። ታስሮ ከሆነ ደግሞ ፍቱት። እባካችሁ።

መንገዱ ከራቃችሁ ሁልጊዜ እስከ መርካቶ መሄድ የለባችሁም። ለረጅም ዘመን አማኑኤል ብቻውን ነበር የአገሩን ሰው የሚያክመው፤ ስሙ ስድብ እስኪሆን ድረስ፣ ይህም ሁሌ ያመኛል። አሁን ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ለየካ አባዶ ይቀርባል።

ቤታችሁንም ተመልከቺ። ነቀፋና ጭቅጭቅ በሚበዛበት ቤት ሕመሙ ቶሎ እንደሚመለስ በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። ለቀጠሮው አባትሽንም ይዛችሁት ሂዱ። ሐኪሙ ስለ ሕመሙ ለቤተሰቡ በሙሉ ያስረዳ።

«ባሌ ሲጠጣ ይመታኛል። በነጋታው ያለቅሳል። የጋብቻ አማካሪ ጋ አብረን ብንሄድስ?»

አይሆንም እህቴ። አብሮ መመካከር የሚሠራው ሁለቱም ሳይፈሩ መናገር ሲችሉ ነው። አንቺ እዚያ የተናገርሽውን ማታ ቤት ዋጋ ትከፍዪበታለሽ። ብቻሽን ሂጂ። መታወቂያሽን፣ የልጆችሽን የልደት ካርድና ትንሽ ገንዘብ የምታምኛት ሰው ጋ አስቀምጪ። የወረዳሽ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት መጠለያ ካላቸው ማህበራት ጋር እንዲያገናኝሽ ጠይቂ። ሲመታሽ 991 ደውዪ። መጠጡ የእሱ ሕመም ነው፤ እሱ ለብቻው ይታከምበት።

«ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና አላለፈም። ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ለእህቱ “ብሞት ይሻል ነበር” አላት። ብጠይቀው ሐሳቡን የማስገባበት መስሎኝ ፈራሁ። ከጀሞ፣ አባት።»

ይጠይቁት። ዛሬውኑ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ብቻውን የተሸከመውን ያስወርደዋል። ዙሪያ ጥምጥም አይሂዱ። «መሞት እያሰብክ ነው ወይ?» ይበሉትና ዝም ይበሉ። አያቋርጡት፣ አይገሥጹት፣ «ኃጢአት ነው» አይበሉት። አዎ ካለ፣ እንዴት ብሎ እንዳሰበም ይጠይቁት። ብቻውን አይተዉት። ቤት ያለውን መድኃኒትና መርዝነት ያለውን ነገር ሁሉ ያርቁ። ያሰበው ነገር ካለ ሌሊትም ቢሆን በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። አምቡላንስ ከፈለጉ የቀይ መስቀል 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939።

ስለ ፈተናው በኋላ ታወሩታላችሁ። በ2015 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ይህን ይንገሩት፣ ግን መጀመሪያ ሰምተውት። ከጎረቤት ልጅ ጋር አወዳድረውት ከሆነ ይቅርታ ይጠይቁት። አባት ይቅርታ ሲጠይቅ ልጅ አይንቅም።

ይህ ዓምድ እስኪወጣ እንዳይጠብቁ መልሱን በዚያው ቀን ልኬልዎት ነበር። ትናንት ማታ እንዲህ ሲሉ ጻፉልኝ፦ «ጠየቅኩት። ለረጅም ሰዓት አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ አንጥፌ አደርኩ። ጠዋት አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ሪፈር ጻፉልን፣ ቀጠሮው ሐሙስ ነው።»