መልስ፦ ከሥሩ የቻይና ጽሑፍ ያለው ሰሃን የጃፓን ሊሆን ይችላል?

እህቴ፣ ጽሑፉ አያሳስትሽ። በጃፓን የአሪታ ከተማ ሸክላ ሠሪዎች የቻይና ሚንግ ነገሥታትን ዘመን ስም በሰሃን ሥር መጻፍ ልማዳቸው ነበር። ሰማያዊ፣ ቀይና ወርቅ ቀለም ያለው ሰሃንሽ ኢማሪ የሚባለው የጃፓን ሸክላ ይመስላል፤ ኢማሪ የተጫነበት ወደብ ስም ነው እንጂ የተሠራበት ቦታ አይደለም።

ገልብጪውና ከታች ካለው ክብ ጠርዝ ውስጥ እዪ። ጥቃቅን የነጥብ ጠባሳዎች ካሉ፣ ሲተኮስ መሃሉ እንዳይሰምጥ የተደገፈባቸው የሸክላ ሹሎች የተዉት ነው። በቻይና ዕቃ ላይ ይህ እምብዛም አይገኝም። በላቲን ፊደል «ኒፖን» (ጃፓን ማለት ነው) የሚል ካለው ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ከ1891 እ.ኤ.አ. በኋላ ለአሜሪካ ገበያ የወጣ ነው።

ወደ ሥዕሎቹ ስንመጣ፣ ጥድ፣ ቀርከሃና የፕለም አበባ አንድ ላይ ሲሳሉ «ሾቺኩባይ» ይባላሉ። ሁለቱ በብርድ ወራት አይጠወልጉም፣ ፕለሙ ደግሞ በረዶው ሳይለቅ ያብባል፤ ስለዚህ የጽናትና የመልካም ምኞት ምልክት ናቸው። ጭራው እንደ ሣር የተንዘረፈፈው ኤሊ ረጅም ዕድሜን ይመኛል፤ ጭራ የመሰለው ከዕድሜ ብዛት ጀርባው ላይ የበቀለ የባሕር አረም ነው።

አጠባው ላይ ተጠንቀቂ። ሰማያዊው ከመስታወቱ ልባስ ሥር ስለሆነ አይነካም፤ ቀዩና ወርቁ ግን ከላይ በአነስተኛ ሙቀት የተተኮሱ ናቸው፣ ወርቁማ ቶሎ ይላጣል። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ስፖንጅ ብቻ እጠቢው፤ በረኪና፣ ሽቦና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን አይንኩት።