መምህር፣ የቀየሩት ሴንሰር ጥፋት የለበትም

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ሐይቅ የሚኖሩ አንድ መምህር የ2007 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ አላቸው፤ ሞተሩ 1.5 ሊትር ነው፤ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተቀይሮ የመጣ ነው። የሞተር ምልክት ያለው ቢጫ መብራት ሲበራባቸው ከስልክ ጋር የሚሠራ ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ገዝተው ሰኩ። «ፒ0171» አላቸው። ኢንተርኔት ላይ ፈልገው «ኦክስጅን ሴንሰር» የሚል አገኙና ከአዲስ አበባ አስመጥተው በገዛ እጃቸው ቀየሩት። የባትሪውን ገመድ ነቅለው ሲመልሱት መብራቱ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ተመልሶ በራ። ከዚያ የአየር ማስገቢያውን ስሮትል (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋውን ክዳን) ፈትተው አጠቡት፤ አሁን ደግሞ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ጎረቤታቸው «የደሴ ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ነው» ብሏቸዋል። በመልእክታቸው መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት አንዲት መስመር አለች፦ «ፍሬኑም ሰሞኑን ትንሽ ይደነድናል፤ የፍሬን ሸራውን ስቀይር አየዋለሁ።»

እኔ ያን ሁሉ አንብቤ የቆምኩት በዚያች መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ከመልሱ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ መምህር፣ ከታች የምነግርዎትን ሙከራ ሳያደርጉ ሐረጎን፣ የደሴ–ኮምቦልቻን ቁልቁለት፣ አይውረዱ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። የደነደነ ፍሬን ይዞ የሚኬድበት መንገድ አይደለም።

አሁን ወደ ኮዱ። ፒ0171 የዕቃ ስም አይደለም፤ ስሞታ ነው። «ከቤንዚኑ ይልቅ አየሩ በዝቷል» ይላል፤ ማን እንዳበዛው ግን አይናገርም። ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለው የአየር መለኪያ ሴንሰር የሚገባውን አየር በክብደት ይለካል። ኮምፒውተሩ ያን ሰምቶ ለ14.7 ግራም አየር 1 ግራም ቤንዚን ያህል ያዝዛል። ኦክስጅን ሴንሰሩ ደግሞ የጭስ መውጫው ላይ ተቀምጦ ሳይቃጠል የተረፈ ኦክስጅን መኖሩን ይናገራል። ተርፎ ከተገኘ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፤ አሁንም ከተረፈ ደግሞ ይጨምራል፤ መጨመር የሚችልበት ዳርቻ ላይ ሲደርስ መብራቱን ያበራል። እንግዲህ ያስቡት፤ እርስዎ ፈትተው ያወጡት ሴንሰር እውነቱን ሲናገር የነበረው ነው። ሌባውን ቤት ውስጥ ትተው ምስክሩን አባረሩት። ኦክስጅን ሴንሰር አይሳሳትም አልልም፤ ነገር ግን አዲሱም ያንኑ ቃል መድገሙ በቂ ማስረጃ ነው።

ታዲያ መብራቱ ለአራት ቀን ለምን ጠፋ? ባትሪ ሲነቀል ኮምፒውተሩ ኮዱንም፣ ሲጨምር የነበረውን የቤንዚን መጠንም ይረሳል። ከዚያ እንደገና ቀስ እያለ ይማራል፤ እንዲህ ያለውን ጥፋት ደግሞ በተከታታይ ሁለት ጉዞ ካላየው መብራት አያበራም። የጠፋው መብራቱ ነው እንጂ ሕመሙ አይደለም።

ጎረቤትዎ ስለ ደጋው የተናገሩት ከድሮ የቀረ እውቀት ነው፤ ያውም የተገለበጠ። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ በሩብ ያህል ያንሳል። በካርቡሬተር ዘመን ይህ ያስቸግር ነበር፤ ነገር ግን ያኔ የሚበዛው ቤንዚኑ ነው፤ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የእርስዎ መኪና አየሩን የሚያውቀው በክብደቱ ስለሆነ ኮምቦልቻም ዋለ ደሴ የቤንዚኑን ልክ ራሱ ያስተካክላል።

በነገራችን ላይ፣ አልስቅብዎትም። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ፊልትሮ እያልን ከጣልያን የወረስናቸው ቃላት ሁሉ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚነካ ዕቃ ስሞች ናቸው። የተሰበረው ተሰብሮ ይታያል። የዛሬው መኪና ግን ፕላስቲክ ለብሶ ተሸፍኗል፤ አንዱን ማያያዣ ለማግኘት ሦስት ክዳን ይነሣል፤ በደሴ የጠዋት ብርድ ፕላስቲኩ እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ ይህ ሁሉ ታልፎ የሚገኘው አምስት ፊደልና ቁጥር ነው። ሰው ኮዱን ይዞ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ቢሮጥ አይፈረድበትም። እኔም ሮጬ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት በዚሁ ኮድ የአንድ ደንበኛ የነዳጅ ፖምፓ ቀየርኩ፤ ጥፋቱ ግን ከሞተሩ ሥር የተሰነጠቀች የጣት ርዝመት ያላት የጎማ ቱቦ ነበረች። የእጅ ዋጋዬን መለስኩላቸው። የፖምፓውን ዋጋ ግን ማን ይመልሳል?

ከዚያ ወዲህ ኮድ አይቼ ቁልፍ አላነሣም፤ መጀመሪያ ቁጥር እጽፋለሁ። እርስዎም የገዙት ማንበቢያ ከኮድ ሌላ የሚያሳየው ነገር አለ። ስክሪኑ ላይ «ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም» እና «ሾርት ተርም ፊውል ትሪም» የሚሉትን ይፈልጉ፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በመቶኛ ስንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ በሚኒሞ ላይ ሁለቱን ደምረው ይጻፉ፤ ከዚያ ነዳጅ ሰጥተው በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ያቁሙትና እንደገና ይጻፉ። ከ10 በታች ከሆነ ደኅና ነው። በሚኒሞ 20 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በ2,500 ላይ ወደ 5 ወይም 6 ከወረደ፣ ከአየር መለኪያው አልፎ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ፤ ስንጥቁ በሚኒሞ ከሚገባው ጥቂት አየር ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፣ በብዙው አየር ውስጥ ግን ይዋጣል። በተቃራኒው በሚኒሞ ደኅና ሆኖ ዙሩ ሲጨምርና ዳገት ላይ ከፍ ካለ የሚጠረጠረው የቆሸሸ አየር መለኪያ ወይም የደከመ ነዳጅ መስመር ነው። በጀሪካን እየቀዱ የሚነዱ ከሆነ የፖምፓው ማጥለያ ሊደፈን ይችላል። ፊልትሮው ከፖምፓው ጋር ጋኑ ውስጥ ስለሆነ ግን ያን ቤትዎ አይክፈቱት፤ ግፊቱን በመለኪያ የሚያይልዎት ጋራዥ ይውሰዱት፤ ከ3 እስከ 3.5 ባር መሆን አለበት።

የእኔ ግምት ግን ወደ መጀመሪያው ያደላል፤ ምክንያቱም ፍሬኑ ደንድኗል፣ መሪውም ተቀይሯል። የፍሬን ፔዳል ለእግር የሚቀልለው ሰርቮው (የእግርን ግፊት የሚያግዘው ዕቃ) ከሞተሩ አየር ማስገቢያ በወፍራም ቱቦ በሚወስደው የመሳብ ኃይል ነው። መሪ ከቀኝ ወደ ግራ ሲቀየር ሰርቮውም አብሮ ቦታ ይቀይራል፤ ያኔ ቱቦው ይቀጠላል። በእጄ ካለፉት እንዲህ ያሉ መኪናዎች መካከል በተራ የውኃ ቱቦ የተቀጠሉ አይቻለሁ። የውኃ ቱቦ የተሠራው ከውስጥ የሚገፋውን እንዲችል ነው፤ ከውስጥ ሲሳብ ይጨፈለቃል፣ በሙቀት ይሰነጠቃል። ያ ስንጥቅ በአንድ በኩል ፍሬንዎን ያደክማል፤ በሌላ በኩል ያልተለካ አየር ወደ ሞተሩ ያስገባል።

ሙከራው ገንዘብ አይጠይቅም። ሜዳ ላይ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን እስኪደነድን አራት አምስት ጊዜ ይርገጡ። እግርዎን ሳያነሡ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ ካላለ ሰርቮው ኃይል አያገኝም። ሁለተኛ፣ ማንበቢያውን እንደሰኩ በሚኒሞ ላይ የሰርቮውን ቱቦ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ጨምቀው ይያዙት። ሾርት ተርም የሚለው ቁጥር ወዲያው ከወረደና ሚኒሞው ከተቀየረ ሌባው ተይዟል። ፒንሳውን ወዲያው ያንሡ፤ ቱቦው ተጨምቆ መኪናው አንድ ሜትር እንኳ አይንቀሳቀስ።

ካልወረደ ሌሎቹን ቱቦዎችና የአየር ማስገቢያውን መጋጠሚያ በውኃ መርጫ ጠርሙስ በትንሽ በትንሹ ይርጩ፤ ዳይናሞውን እንዳይነካ። ሞተሩ ድምፁን የቀየረበት ቦታ ስንጥቁ ነው። አንዳንዶች በዚህ ቦታ ቤንዚን ወይም የካርቡሬተር ማጽጃ ይረጫሉ፤ በሞቀ ሞተር ላይ እሳት መጋበዝ ስለሆነ አይሞክሩት።

የሚገዙት ቱቦ «የፍሬን ሰርቮ» ተብሎ የሚሸጠውን ይሁን። ውስጡ ወይም መሐሉ ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ፤ ቀስቱ ወደ ሞተሩ መዞር አለበት። ፔዳሉ ከዚህ በኋላም ከደነደነ ሰርቮው ራሱ ነው፤ ያን ለባለሙያ ይተዉት፤ መኪናውንም በጭነት መኪና ያስወስዱት።

ሚኒሞው የሚዋልለው ምናልባት ስሮትሉ ሲጸዳ የሚያሳልፈው አየር ጨምሮ ኮምፒውተሩ ገና ስላልለመደው ነው። ስንጥቁን ከደፈኑ በኋላ ኮዱን በማንበቢያው ያጥፉ፤ ሞተሩን መብራትም ማቀዝቀዣም ሳያበሩ አሥር ደቂቃ ያህል ያሙቁት፤ 700 ዙር አካባቢ ይረጋል። ወደፊት ስሮትሉን ሲያጸዱ ቁልፉ በርቶ ሳለ ክዳኑን በጣት አይግፉት፤ በኤሌክትሪክ የሚዞር ስለሆነ ጥርሱ ይሰበራል። አየር መለኪያውንም በጨርቅ አይጥረጉ፤ ሽቦው ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ለእሱ ብቻ የተሠራ መርጫ አለ።

የድሮውን ኦክስጅን ሴንሰር ጥለውት ካልሆነ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት። ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም።