ከጠፈር ኤክስሬይ ማኅደር እስከ ጎንደር ላፕቶፕ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ኤክስሬይ ቴሌስኮፖች የዳታ ማኅደር ጎንደር ያሉ የሥነ ፈለክ ወዳጆች የላኳቸው ጥያቄዎች እነሆ። የሚመሳሰሉት አንድ ላይ ተመልሰዋል። የፋይልና የትእዛዝ ስሞች በአነጋገራቸው ተጽፈዋል።

ከማራኪ፦ ጋሼ፣ ቻንድራ የተባለውን የናሳ የጠፈር ኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ዳታ ለማግኘት ክፍያ ወይም ከዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም፤ ደብዳቤም፣ ገንዘብም፣ ዲግሪም አይጠየቅም። ምልከታውን ያስፈቀደው ተመራማሪ ለተወሰነ ጊዜ፣ ቢበዛ ለ1 ዓመት ያህል፣ ብቻውን ይሠራበታል። ጊዜው ሲያልቅ ለማንም ክፍት ይሆናል። ኑስታር ከተባለው ሌላው የናሳ ኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ፋይል አውርደህ የስሙ መጨረሻ ላይ "ጂፒጂ" የሚል ካየህ ፋይሉ ተቆልፏል፣ የባለቤቱ ጊዜ ገና አላለቀም ማለት ነው። አልተበላሸም፤ ቀኑን ጠብቀህ ተመለስ። ከ25 ዓመት በላይ የተጠራቀመው የቻንድራ ክምችት ግን አብዛኛው አሁኑኑ ክፍት ነው፤ ጎንደር ያለ ተማሪ የሚያገኘው ማኅደሩ ባለበት በአሜሪካዋ ካምብሪጅ ያለው የሚያገኘውን ያንኑ ፋይል ነው።

ከፒያሳ፦ በየትኛው በር ነው የሚገባው?

ሦስት ዋና በሮች አሉ። ቻንድራ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1999 (በእኛ ሐምሌ 16 ቀን 1991 ዓ.ም.) የተመነጠቀ ሲሆን ማኅደሩ ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ነው። የአውሮፓው ኤክስኤምኤም ኒውተን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 10 (በእኛ ኅዳር 30 ቀን 1992 ዓ.ም.) ወጣ፤ ማኅደሩ ማድሪድ አጠገብ ነው። ሦስተኛው በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ያለው ሂያሳርክ ነው፤ ስዊፍትን፣ ኑስታርን፣ ናይሰርን፣ እንደ ሮሳት ያሉ ሥራቸውን የጨረሱትንም ይዟል። የትኛው ቴሌስኮፕ የእናንተን ኮከብ እንዳየ ካላወቃችሁ ከሂያሳርክ ጀምሩ፤ አንዴ ስሙን ስትጽፉ የሁሉንም ዝርዝር ያወጣላችኋል።

ከአዘዞ፦ ዝርዝሩ በመቶ የሚቆጠር ምልከታ አወጣብኝ። የትኛውን ልምረጥ?

እህቴ፣ እዚህ ላይ አትቸኩይ፤ የበይነመረብ ጥቅል የሚያልቀው በጥድፊያ ምርጫ ነው። እያንዳንዱ ምልከታ ኦብስአይዲ የሚባል መለያ ቁጥር አለው። የሱፐርኖቫ (የፈነዳ ኮከብ) ቅሪት የሆነችውን ካሲዮፒያ ኤን እንውሰድ። ከቻንድራ ምልከታዎቿ አንዱ ቁጥር 114 ነው፤ ርዝመቱ 50 ኪሎ ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም ወደ 14 ሰዓት ነው።

መጀመሪያ መሣሪያውን ተመልከቺ፦ ኤሲስ የፎቶኑን ኃይልም ይለካል፣ ኤችአርሲ ግን በቦታና በሰዓት ይበልጣል እንጂ በኃይል ልኬት ደካማ ነው። ቀጥሎ የግሬቲንግ ዓምድ አለ። ምስል ከፈለግሽ "የለም" የሚለውን ምረጪ፤ ግሬቲንግ ገብቶ ከሆነ ብርሃኑ ለስፔክትረም ተበትኗል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ምንጩ ከመሃል ምን ያህል እንደራቀ። ቻንድራ መሃል ላይ ግማሽ የቅስት ሰከንድ (የቅስት ሰከንድ የ1 ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ያህል ይለያል፣ 10 የቅስት ደቂቃ ወጣ ሲል ግን ነጥብ የነበረው ኮከብ እንደ ፈሰሰ ዘይት ይሰፋል። ረጅም ሆኖ ምንጩን ጠርዝ ላይ ከያዘ ምልከታ አጭር ሆኖ መሃል ላይ የያዘው ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ከአራዳ፦ ኔትወርክ እየተቆራረጠ እንዴት ይወርዳል?

የአንድ ቻንድራ ምልከታ ሙሉ ጥቅል ከመቶዎች ሜጋባይት እስከ ጊጋባይቶች ይደርሳል። በብራውዘር ታር ፋይል አድርጋችሁ አታውርዱት፤ 90 በመቶ ላይ ቢቋረጥ ከዜሮ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ደብሊውጌት የሚባለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከትንሿ "ሲ" ጋር ተጠቀሙ፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ቻኦ የተባለው የቻንድራ ሶፍትዌር ደግሞ በኦብስአይዲ የሚያወርድ የራሱ ትእዛዝ አለው፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ የፋይል ዓይነት ከጻፋችሁ ያንን ብቻ ያመጣል። ለማየት ብቻ ከሆነ "ኢቪቲ2" የሚባለው የተጣራ የፎቶኖች ዝርዝር ይበቃል።

ወጥመዱ ግን እዚሁ አለ። ኢቪቲ2ን ብቻ ያወረደ ሰው በኋላ ዳታውን እንደገና ላቀናብር ሲል ፕሮግራሙ ፋይል የለም ብሎ ይቆማል። ለዚያ ሥራ "ሰከንደሪ" በሚለው አቃፊ ያለው ኢቪቲ1 (ገና ያልተጣራው ዝርዝር)፣ የቴሌስኮፑን አቅጣጫ የሚመዘግበው አሶል፣ የተበላሹ ፒክሰሎች ዝርዝርና ማስኩ ጭምር ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ለመተዋወቅ ኢቪቲ2፣ ለጥናት ሙሉውን፤ ሙሉውን በሌሊት አውርዱ።

ከአራዳ፣ ያው ጠያቂ፦ ፋይሉ ወርዷል፣ ምስል ማሳያው ፕሮግራም ዲኤስ9 ግን አልከፍትም ይላል።

ጂዚፕን ከሰረዝና ከ"ቲ" ጋር አስኬድበት፤ ዝም ካለ ደህና ነው፣ ያልታሰበ ማብቂያ ካለ ተቆርጧል። ጂዚፑ ተፈትቶ ከሆነ ሌላ ማረጋገጫ አለ፦ ፊትስ (የሥነ ፈለክ ዳታ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) በ2880 ባይት ጡብ ነው የሚገነባው፤ መጠኑ ለ2880 እኩል ካልተካፈለ ጎድሏል። ፋይሉ ከጥቂት ኪሎባይት ካልበለጠ ደግሞ በጽሑፍ ማንበቢያ ክፈተው፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ዳታ ሳይሆን የስሕተት ገጽ ነው የሚገኘው።

ከኮሌጅ ሰፈር፣ አንዲት መምህርት፦ ለተማሪዎቼ ውስጡን ማሳየት እፈልጋለሁ። ፎቶ ነው ወይስ ሠንጠረዥ?

ሠንጠረዥ ነው፣ ለማስተማርም የሚመቸው ይህ ነው፤ ይህንን በማሰብዎ እናመሰግናለን። የፋይሉ ራስጌ ባለ 80 ሆሄ መስመሮች ናቸው፤ 36ቱ አንድ ጡብ ይሞላሉ። በተራ ጽሑፍ ስለተጻፉ ተማሪዎቹ ያለ ምንም ፕሮግራም ሊያነቧቸው ይችላሉ፦ የቴሌስኮፑ ስም፣ የመሣሪያው፣ የተመለከተው አካል፣ ቀኑ። ከራስጌው በታች እያንዳንዱ ረድፍ ከሞላ ጎደል አንድ ፎቶን ነው፦ የደረሰበት ሰዓት፣ ኤክስና ዋይ፣ ኃይሉ በኤሌክትሮን ቮልት፣ ግሬዱ (በፒክሰሎቹ ላይ የተወው የአሻራ ቅርጽ)። ኤሲስ በተለመደው አሠራሩ በየ3.2 ሰከንድ ስለሚያነብ ብዙ ረድፎች ላይ አንድ ዓይነት ሰዓት ያያሉ፤ ስሕተት አይደለም። ዲኤስ9 ላይ ከ500 እስከ 7000 ኤሌክትሮን ቮልት ያለውን ብቻ ቢያስቀሩ ጀርባው ይጠራል። ከዚያ ተማሪዎቹን ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ኃይል ለየብቻ ያስስሏቸው፤ የካሲዮፒያ ኤ ቀለበት ጠርዝ ላይ ያለው ቀጭን ክር በከፍተኛው ኃይል ጎልቶ ይወጣል።

ከአዘዞ፦ ማኅደሩ ያዘጋጀውን ለምን እንደገና አቀናብራለሁ? ሥራውን መድገም አይሆንም?

አይሆንም። የቴሌስኮፑ ጠባይ ከዓመት ዓመት ይለወጣል። ኤሲስ ፊት ባለው የብርሃን ማገጃ ስስ ፊልም ላይ ሞለኪውሎች እየተለጠፉ ዝቅተኛ ኃይል ያለውን ኤክስሬይ ይውጣሉ፤ ሽፋኑ ባለፉት ዓመታት እየወፈረ ሄዷል። ይህን የሚያርመው ካልዲቢ የተባለው የካሊብሬሽን (የመሣሪያ ልኬት ማስተካከያ) ስብስብ በየጊዜው ይታደሳል። በአሮጌው ካልዲቢ ከ1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ብትለኪ ያልነበረ ጋዝ ያገኘሽ ይመስልሻል። "ቻንድራ ሪፕሮ" የሚለውን ትእዛዝ በአቃፊው ላይ ማስኬድ ይበቃል፤ አዲሱን ኢቪቲ2 "ሪፕሮ" በሚል አቃፊ ያስቀምጣል፣ ዋናውን አይነካም። በፋይሉ ስም ውስጥ ከ"ኤን" ቀጥሎ ያሉት 3 አኃዞች ማኅደሩ ስንተኛ ጊዜ እንዳቀናበረው ይናገራሉ፤ ከፍ ያለውን ውሰጂ።

ከማራኪ፦ የኤክስኤምኤም ዳታ ላይ ሶፍትዌሩ ሳስ እየተበሳጨብኝ ነው፤ ካሊብሬሽን አላገኘሁም ይላል።

ቅደም ተከተሉ ነው የሚያስቸግረው። ኦዲኤፍ የሚባለው ጥሬ ዳታ ነው፤ ከመነካቱ በፊት የካሊብሬሽን ፋይሎቹ ያሉበት አቃፊ በተለዋዋጭ መነገር አለበት። ከዚያ ሲፍቢልድ የሚለውን ትእዛዝ አስኪድ፤ ከእሱ የወጣውን የማውጫ ፋይል ሳስ ሲሲኤፍ በሚለው ተለዋዋጭ ንገረው፤ ከዚያ ኦዲኤፍኢንጀስት የሚለውን ትእዛዝ፤ የእሱን ውጤት ደግሞ ሳስ ኦዲኤፍ በሚለው ንገረው። አዲስ ተርሚናል ስትከፍት ተለዋዋጮቹ ይጠፋሉ፤ አብዛኛው "ትናንት ይሠራ ነበር" የሚባለው ችግር ይኸው ነው።

ሌላም አለ፤ የተጻፈው የምልከታ ርዝመት ሁሉ አይገኝም። የፕሮቶን ማዕበል ሲመጣ ጀርባው ስለሚነድ መቁረጥ ያስፈልጋል። ከኤክስኤምኤም ካሜራዎች ለፒኤን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው በሰከንድ ከ0.4 ቆጠራ በላይ፣ ለሞስ ከ10 በላይ ባለው ከ0.35 በላይ የሆነውን ጊዜ መጣል የተለመደ መነሻ ነው። 40 ኪሎ ሰከንድ ብለህ ያወረድከው ከተጣራ በኋላ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የተዘጋጀውን ፒፒኤስ አውርደህ የብርሃን ኩርባውን እይ፤ ጥሩ ከሆነ ብቻ ኦዲኤፉን አምጣ።

ከፒያሳ፦ ዳታው ከጠፈር እንዴት ይወርዳል?

ቻንድራ በራሱ ማጠራቀሚያ ይዞ በየ8 ሰዓቱ ገደማ በጎልድስቶን፣ በማድሪድና በካንቤራ አንቴናዎች ያወርዳል። ኤክስኤምኤም ግን ማጠራቀሚያ የለውም፤ የሚያየውን እዚያው በዚያው ይልካል፣ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ያ ሰዓት አይመለስም። በዳታው መሃል ክፍተት ብታይ ከላፕቶፕህ ችግር ጋር አታያይዘው።

ከቀሃ፦ ሰዓቱ ግራ አጋባኝ። ኮከቡ የፈነዳበትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ማኅደሩ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ፣ ሰዓቱ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው፤ የዩቲሲ 00:00 ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በፋይሉ ውስጥ ያለው ግን ረጅም የሰከንድ ቁጥር ነው። ቻንድራና ኤክስኤምኤም የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1998 ጀምሮ ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1990 ዓ.ም.። ስዊፍት ከ2001፣ ኑስታር ከ2010፣ ናይሰር ከ2014 መባቻ ይቆጥራሉ። የሁለት ቴሌስኮፖችን ሰዓት ራስጌው ላይ ያለውን መነሻ ሳያዩ ማነጻጸር በዓመታት ያሳስታል። አቆጣጠሩ ቲቲ የሚባለው የሥነ ፈለክ ሰዓት ስለሆነ ከዩቲሲ ዛሬ በ69.184 ሰከንድ ይቀድማል። እንደ ልብ የሚመታ ኮከብ (ፐልሳር) የምትለኪ ከሆነ ደግሞ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ያለችበት ቦታ እስከ 8 ደቂቃ ስለሚያዛባ የባሪሴንተር እርማት (ሰዓቱን ወደ ሥርዓተ ፀሐይ የክብደት ማዕከል መመለስ) ግዴታ ነው።

ከማራኪ፦ ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው፣ 4 ጊጋ ራም። ተስፋ አለው?

አለው። ቻኦም፣ የሂያሳርክ ሶፍትዌር የሆነው ሂያሶፍትም በሊኑክስና በማክ ነው የሚሠሩት፤ ዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን የሚያስኬደው ደብሊውኤስኤል2 ያስፈልጋል፣ በ4 ጊጋ ይጨናነቃል። የተሻለው ሳይሰርቨር ነው፤ በነፃ ተመዝግበህ በብራውዘር ትሠራለህ፣ ሂያሶፍት ተጭኗል፣ የሂያሳርክ ማኅደርም ከጎኑ ስለሆነ ምንም አታወርድም። መብራት ቢጠፋ እንኳ ያስቀመጥከው ፋይል እዚያው ይቆይሃል።

ከአዘዞ፦ ፍላሽ ላይ ስገለብጥ ትልቁ ፋይል እምቢ አለኝ።

ፍላሹ ፋት32 ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት አድርገሽ ፎርማት አድርጊው፣ ስትነቅይ ግን በሥርዓት አውጪው። ጂዚፑንም አትፍቺ፤ ፕሮግራሞቹ እንዳለ ያነቡታል፣ ቦታም ይቆጥባል። የፋይሎቹን ስም አትቀይሪ። ለየኦብስአይዲው አንድ አቃፊ ይኑር፤ ውስጡ በአንዲት የጽሑፍ ፋይል የወረደበትን ቀን፣ የቻኦና የካልዲቢን ስሪት ጻፊ። ቦታ ሲጠብ የሚሰረዘው ራስሽ ያቀናበርሽው ነው፤ እሱ በትእዛዝ ይመለሳል።

ከኮሌጅ ሰፈር፦ ጽሑፍ ስናወጣ ምን እንጠቅሳለን?

የቴሌስኮፑን ስም፣ እያንዳንዱን ኦብስአይዲ፣ የሶፍትዌሩንና የካልዲቢውን ስሪት። ቻንድራ ለተጠቀማችሁባቸው ምልከታዎች ስብስብ ዲኦአይ (ቋሚ የመጥቀሻ መለያ) ይሰጣል፤ ቁጥሮቹን አስገብታችሁ ጠይቁት፣ እሱንም ጽሑፉ ላይ አስፍሩ።