የአንባቢ ጥያቄ፦ ሥጋው አያልቅም፣ ሰዓቱ ግን ያልቃል

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፣ አንዴ ከፍለህ እስክትጠግብ ስለምትበላበት (ጃፓኖች ታቤሆዳይ ይሉታል) የጃፓን ሻቡ ሻቡ ቤት። ሻቡ ሻቡ ማለት ስስ ሥጋ ጠረጴዛህ ላይ በፈላ መረቅ እየነከርክ የምትበላው ነው። ከቶኪዮም ከአሜሪካም ከአዲስ አበባም ተጽፎልናል። ስለዚ ሌላውን ለሚቀጥለው አቆይተን ዛሬ እሱን ብቻ እንመልስ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ጃፓን ከመጣሁ ገና ነኝ፣ የምኖረው ቶኪዮ ካትሱሺካ ነው። የሥራ ጓደኞቼ ቅዳሜ ማታ ሻቡ ሻቡ ታቤሆዳይ እንሂድ ብለውኛል፣ እሺ ብያለሁ ግን ገብቼ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ቡፌ ነው ወይስ እየታዘዘ ነው የሚመጣው? የምናበስለውስ እኛው ነን? ሰው ፊት ግራ መጋባት አልፈልግም።

መልስ፦ ወንድሜ አይዞህ፣ እዛ ቤት ግራ የማይጋባ የለም፣ ጃፓኖቹ ራሳቸው የማያውቁት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ታብሌቱን እያገላበጡ ነው የሚቆዩት። ግማሹ ቡፌ ግማሹ ትዛዝ በለው። ሥጋው በትዛዝ ነው፣ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ተቆርጦ በዝርግ ሳህን ይመጣል፣ ሲያልቅ ሌላ ታዛለህ፣ አትክልቱንና ሶሱን ግን ብዙ ቤት ውስጥ ተነስተህ ራስህ ነህ የምታነሳው። ሻቡዮ የሚባለው ሰንሰለት ቤት ከገባችሁ ደሞ ሥጋውን የድመት ፊት ያለው ሮቦት ሊያመጣላችሁ ይችላል፣ እንዳትደነግጥ፣ ሳህንህን አንስተህ መሸኘት ነው።

ክፍያው በሰው ነው። ዋጋውን የሚወስነው የምትመርጡት ኮርስ ነው፣ የአሳማ ብቻ ከሆነ ይረክሳል፣ የበሬ ሲጨመር ይወደዳል፣ ዋግዩ የሚባለውን ምርጥ የጃፓን የበሬ ሥጋ ካላችሁ ደሞ ሌላ ዋጋ ነው። አብዛኛው ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አንድ አይነት ኮርስ እንዲይዝ ይጠይቃል፣ ስለዚ አንተ ርካሹን እነሱ ውዱን የሚባል ነገር የለም፣ ሳትቀመጡ በፊት ተነጋገሩ። መጠጥ አብዛኛው ጊዜ ለብቻው ነው የሚከፈለው፣ ኖሚሆዳይ ካላችሁ መጠጡም አንዴ ተከፍሎ እስኪበቃህ ነው።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 120 ደቂቃ ነው የሚሰጡህ፣ ላስት ኦርደር የሚሉት ደሞ ከማለቁ ከ20 ወይ ከ30 ደቂቃ በፊት ይመጣል፣ ከዛ በኋላ ማዘዝ የለም፣ ያለህን ጨርሰህ መውጣት ነው። ለዚ ነው ልምድ ያለው ሰው ሲገባ መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ከዛ ሜኑውን የሚያየው።

አበሳሰሉ ደሞ እንዲህ ነው። ድስቱ መሃል ላይ ምድጃ ላይ ተጥዶ ይመጣል፣ መረቁ ቀለል ያለ ነው፣ ኮምቡ በሚባል የባህር ቅጠል የተሠራ፣ ለኛ ምላስ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ይመስላል፣ አትናደድበት፣ ጣዕሙ እየበላህ ነው የሚመጣው። ሲፈላ ጠንካራ ጠንካራውን አትክልት መጀመሪያ ትከታለህ፣ ካሮት፣ የጎመኑ ግንድ፣ እንጉዳይ፣ ቶፉም አብሮ ይገባል። ቅጠላ ቅጠሉ ለኋላ። ሥጋውን ግን እንዳትደፋው! አንዷን ቁራጭ በቾፕስቲክ ይዘህ መረቁ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ታወዛውዛታለህ፣ የበሬ ከሆነ ቀዩ ጠፍቶ ፈዘዝ ሲል ታወጣታለህ፣ ጥቂት ሰከንድ ነው ሌላ ምንም። ሳህኑን ሙሉ ከገለበጥከው ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ እንደገና እስኪፈላ ድረስ የመጀመሪያው ጎማ ይሆናል። ብዙ አበሻ ሻቡ ሻቡ አይጥምም የሚለው በዚ ምክንያት ይመስለኛል፣ እንደ ቅቅል ነው የሚሠሩት።

ላዩ ላይ ቡናማ አረፋ ይመጣል፣ እሱን በተሰጠህ ወንፊት ጭልፋ እየሰበሰብክ ጎን ያለው ጎድጓዳ እቃ ውስጥ ጣለው። ይሄን ሥራ ሳትጠየቅ ከያዝከው ጠረጴዛው ሁሉ ይወድሃል፣ እመነኝ።

ሶሱ ሁለት ነው በዋናነት፣ ፖንዙ አኩሪ አተር ሶስ ከኮምጣጣ ፍሬ ጭማቂ ጋር፣ ጎማ ዳሬ ደሞ የሰሊጥ። አንዳንዶች የበሬውን ፖንዙ፣ አሳማውን ሰሊጥ ይላሉ ግን ማንም አይቆጣጠርህም። እኔ ብሆን ሁለቱንም ለየብቻ ይዤ ሚጥሚጣ የሚመስለውን ሺቺሚ ነስነስ አደርግ ነበር፣ ሳይቃጠል ምን ይበላል።

ወሬ ካስፈለገህ ደሞ ይሄን ንገራቸው፣ ነገሩ የድሮ የጃፓን ምግብ አይደለም። ከቤጂንግ የበግ ሥጋ ድስት ነው የመጣው ይባላል፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ስሙን ያወጣለት ደሞ ኦሳካ ያለው ሱኤሂሮ የሚባል ምግብ ቤት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1952። አንዴ ከፍሎ እስኪጠግቡ መብላቱን ጃፓን ውስጥ የጀመረው ደሞ የቶኪዮው ኢምፔሪያል ሆቴል ነው፣ በ1958 በከፈተው ቡፌ።

ጥያቄ፦ እኛ ያለነው ዳላስ ነው። ባለቤቴ እንደዚህ አይነት ቤት ስንሄድ ከጠዋት ጀምሮ አይበላም፣ ገንዘባችንን ማውጣት አለብን ይላል፣ ከዛ አምስት ሳህን ሥጋ በአንዴ ያዛል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሆዱን ይዞ ይቀመጣል፣ እኔና ልጆቹ ደሞ የተረፈውን እናያለን። ለተረፈ ያስከፍላሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ እውነት ነው፣ ብዙ ቤት ሜኑው ላይ ጽፎታል፣ የተረፈ ሥጋ ብዙ ከሆነ ተጨማሪ ያስከፍላሉ፣ ተግባራዊ የሚያደርጉት ሁሌ ባይሆንም ተጽፎ ካለ መብታቸው ነው። ይዞ መሄድ ደሞ አይፈቀድም፣ ቦርሳ ውስጥ ፕላስቲክ ይዘው የሚገቡ አክስቶቻችንን እናውቃለን፣ እዚህ ግን አይሠራም።

ለባለቤትሽ ንገሪልኝ፣ ተርቦ መሄድ አያዋጣም፣ የራበው ሰው ቶሎ ቶሎ ነው የሚውጠው፣ ቶሎ የዋጠ ደሞ ቶሎ ነው የሚዘጋበት። ቀለል ያለ ቁርስ በልቶ ይምጣ። ሲገባ ለጠረጴዛው ሁለት ሳህን ብቻ ይዘዝ፣ የመጀመሪያው ሲጋመስ ሌላ፣ ሥጋው ለመምጣት ጊዜ ስለሚወስድ ባዶ እስኪሆን መጠበቅም አያስፈልግም። ሩዝ መጀመሪያ ላይ አትንኩ። ለስላሳም እንደዛው፣ ቤቱ ሩዝና ለስላሳ በነጻ ሲጨምርልሽ ደግ ሆኖ አይደለም፣ ርካሽ ስለሆነና ቶሎ ስለሚያጠግብ ነው። ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን ሰዉ መጨረሻውን ሳይደርስበት መውጣቱ ነው። ያ መጀመሪያ ውሃ የመሰለው መረቅ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሥጋውን የእንጉዳዩን የጎመኑን ሁሉ ጠጥቶ ሌላ ነገር ይሆናል፣ እሱ ውስጥ ኡዶን የሚባለውን ወፍራም የስንዴ ኑድል ትከቺበታለሽ ወይ ሩዝ ጨምረሽ እንቁላል መትተሽ ገንፎ ቀረሽ ታደርጊዋለሽ፣ ጃፓኖች ሺሜ ይሉታል፣ የመዝጊያው ማለት ነው። የከፈልሽው ገንዘብ እዛ ጋ ነው ያለው ብል አላጋነንኩም። ለዚህ ቦታ ሆዱ ውስጥ ካልተወ አምስቱ ሳህን ምንም አይጠቅመውም።

ልጆች በእድሜያቸው ነው የሚከፍሉት፣ ትንንሾቹ ብዙ ቦታ ነጻ ናቸው፣ ስትይዙ ጠይቁ። ቲፕ እዛው አሜሪካ እንደማንኛውም ሬስቶራንት ትሰጣላችሁ፣ ጃፓን ከሄዳችሁ ግን እንዳትሰጡ፣ ረስታችሁት የሄዳችሁ መስሏቸው እየሮጡ ሊመልሱላችሁ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሎስ አንጀለስ ልጄ ጋ መጥቼ ነው። ልጅቷ ለልደቷ የጃፓን ድስት ቤት ልውሰድሽ ትላለች፣ እኔ ደሞ እንደምታውቁት አሳማ አልበላም፣ ረቡዕና ዓርብም እጾማለሁ። ሁሉም አንድ ድስት ውስጥ ነው የሚነክሩት አሉኝ። አልሄድም ብላት ታዝናለች፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እማማ ይሂዱ፣ ግን ቀኑን እርስዎ ይምረጡ፣ ለምሳሌ ሐሙስ ወይ ቅዳሜ ይሁን፣ ትልልቆቹ አጽዋማት ካልገቡ። በጾም ቀን መሄድ ይቻላል ወይ ካሉ ይቻላል ግን አያዋጣም፣ ምክንያቱም ዋጋው የሥጋ ዋጋ ነው፣ ደሞም ችግሩ ሥጋው ብቻ አይደለም፣ መረቁ ኮምቡ ብቻ ከሆነ ጾም ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ካትሱኦቡሺ የሚባል የደረቀ ዓሣ አብሮ ይገባል፣ ፖንዙውም ብዙውን ጊዜ የዓሣ ጭማቂ አለበት፣ የሰሊጡ ሶስ ውስጥም እንቁላል የሚጨምሩ አሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወው።

የአሳማው ነገር ደሞ እንዲህ ነው፣ ለሁለት የተከፈለ ድስት ያላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፣ አንዱ ጎን አንድ መረቅ ሌላው ጎን ሌላ። ልጅዎ አንዱን ጎን የበሬና የአትክልት ብቻ ነው ብላ ለጠረጴዛው ሁሉ ታስታውቅ፣ መቆንጠጫውም የተለየ ይሁን። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፣ ቶንኮትሱ የሚባል ነጭ ነጭ መረቅ አለ፣ እሱ ራሱ የአሳማ አጥንት ነው፣ ስሙ ከተጠራ ይለፍዎ። ከሁሉ የሚሻለው ሁሉም ሰው የበሬ ብቻ እንዲያዝ መስማማት ነው፣ ለልደት ቀን ይሄን እምቢ የሚል ጓደኛ ጓደኛ አይደለም። አንዳንድ ቤት ደሞ ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ የግል ድስት ይሰጣል፣ እንደዛ ያለውን ካገኘች ነገሩ አለቀ።

ሙስሊም አንባቢዎቻችንም ይሄንኑ ስለጠየቃችሁ፣ እናንተ ላይ የሚጨመረው የሥጋው ሐላልነትና ሚሪን የሚባለው ጣፋጭ የሩዝ ወይን ነው። ሱኪያኪ የሚባለው፣ ሥጋው በጣፋጭና ጨዋማ መረቅ የሚበስልበት ሌላው የድስት ምግብ፣ መረቁ አኩሪ አተር ሶስ፣ ስኳር፣ ሚሪንና ሳኬ የሚባል የሩዝ መጠጥ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አልኮል ናቸው፣ ስለዚ ሐላል የሚል ወረቀት የሌለው ቤት ሱኪያኪውን ተዉት።

ጥያቄ፦ እኔ ቁርጥ በሊታ ነኝ። ያ ስስ ሥጋ ሳይነከር በሚጥሚጣ ቢበላስ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ለጥሬ ተብሎ የተዘጋጀ ሥጋ አይደለም። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ከጥሬ የበሬ ሥጋ የመጣ የኢ ኮላይ መመረዝ 5 ሰው ገድሎ ከዛ በኋላ ሕጉ በጣም ጠብቋል፣ ጥሬ የበሬ ጉበት በ2012 ተከልክሏል፣ ጥሬ አሳማ ደሞ በ2015። አሳማ ለሚበላ ሰው፣ እሱ ውስጡ ድረስ መብሰል አለበት፣ ፈዘዝ ማለቱ አይበቃም። ጥሬውን በያዝክበት መቆንጠጫ የበሰለውን አትብላበት። ቁርጥህን አገርህ ስትገባ።

ጥያቄ፦ ሱኪያኪ ስናዝ ጥሬ እንቁላል አመጡልን፣ ባለቤቴ ሊታመም ደረሰ። ግዴታ ነው? ሌላው ደሞ ጓደኛችንን በቾፕስቲክ ላጉርስህ ስለው ጃፓናዊቷ አስተናጋጅ ደነገጠች መሰለኝ።

መልስ፦ እንቁላሉ ግዴታ አይደለም፣ ጣፋጭና ጨዋማውን ሥጋ ለማለዘብ ነው የሚነከርበት። ጃፓን ውስጥ እንቁላል በጥሬው እንዲበላ ታስቦ ታጥቦና ተመርምሮ ቀን ተጽፎበት ነው የሚሸጠው፣ ሌላ አገር ከሆናችሁ መጠየቅ ነው፣ ካልጣማችሁ ወደ ድስቱ ጣሉትና ይብሰል።

ጉርሻውን በተመለከተ አስተናጋጇ ደንግጣ ከሆነ ጓደኛህ በራሱ ቾፕስቲክ ሊቀበልህ ሲል አይታ ነው የሚሆነው። ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ መቀባበል እነሱ ጋ የሚደረገው አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ አጥንት ሲለቀም ነው። ቾፕስቲክ ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከልም እንደዚሁ የሐዘን ነው። ማጉረስ ካማረህ ጓደኛህ ሳህን ላይ አስቀምጥለት፣ ፍቅሩ አይቀንስም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ ቤት ውስጥ ልሠራው እፈልጋለሁ፣ ይቻላል?

መልስ፦ በደንብ ይቻላል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የጋዝ ምድጃና ሰፋ ያለ ድስት ይበቃል፣ መስኮት ክፈት። ሥጋው ሽንጥ ይሁን፣ ስቡ ያለበት። ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት አስቀምጠው፣ ግማሽ በግማሽ በረዶ ሆኖ ጠንከር ሲል በተሳለ ቢላ በስሱ ይቆረጣል፣ ለስላሳ እያለ ብትሞክረው አይሆንልህም። ማሽን ያለው ሥጋ ቤት ካወቅክ እሱን ለምነው።

ኮምቡ የእስያ እቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ካገኘህ ለአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ያህል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈህ ቀስ ብለህ አሙቀው፣ ሊፈላ ሲል አውጣው፣ ከፈላ ልሃጭ ነገር ያወጣል። ኡማሚ የሚሉት ጣዕም እ.ኤ.አ. በ1908 ኢኬዳ ኪኩናኤ የሚባል ኬሚስት ያገኘው ከዚሁ ቅጠል መረቅ ነው፣ ጨው ባይገባበትም አፍ የሚሞላው ለዛ ነው። ካጣኸው የደረቀ እንጉዳይ ዘፍዝፈህ ውሃውን ተጠቀም፣ ያው ባይሆንም ይበላል። ለፖንዙ አኩሪ አተር ሶስ ላይ ሎሚ ጭመቅበት ትንሽ ውሃ ጨምርበት። ሰሊጡ ላይ ደሞ እኛ አናንስም፣ የሁመራ ነጭ ሰሊጥ ቆላ አድርገህ እስኪላቁጥ ፍጨው፣ አኩሪ አተር ሶስ፣ ትንሽ ኮምጣጤ፣ ትንሽ ስኳር፣ ከድስቱ መረቅ አንድ ጭልፋ ጨምረህ አቅጥነው። ነጭ ሽንኩርት አብዝቼ ልጨምር ወይ ካልከኝ ለሰሊጡ አዎ፣ ለፖንዙው ተወው።