መልስ፦ ቼቭኒንግ ወይስ ኢራስመስ ሙንዱስ?

ሰላም ወንድሜ፣ በግብርና ተመርቀህ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሁለት ዓመት እንደሠራህ ገልጸህ፣ ለማስተርስ ከብሪታንያ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል ከቼቭኒንግ እና ከአውሮፓ ኅብረት የነጻ ትምህርት ዕድል ከኢራስመስ ሙንዱስ የቱ እንደሚሻል ጠይቀሃል። እኔ ብሆን ሁለቱንም እሞክር ነበር፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ስለሆንክ ይህን ሞልተሃል። ትምህርቱ ብሪታንያ ውስጥ አንድ ዓመት ነው፤ ስትጨርስ አገርህ ተመልሰህ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ኢራስመስ ሙንዱስ ቢያንስ ሁለት አገር ውስጥ ያስተምራል፣ በወር 1,400 ዩሮም ይሰጣል። ስለ መመለስ የሚያስገድድህ የለም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ከማመልከቻው ጋር በሚጻፈው ጽሑፍ ላይ ነው። «ጥሩ መሪ ነኝ» ብለህ አትጻፍ። ማዳበሪያ ዘግይቶ ገበሬው ቢሮህን ሲያጨናንቅ ማንን ጠራህ? ምን ወሰንክ? ከዚያስ ምን ተለወጠ? እሱን ጻፍ። ማመልከቻህን የሚገመግመው ቀኑን ሙሉ ባዶ ውዳሴ ሲያነብ የዋለ ሰው ነው።

የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብህ ከወዲሁ ጨርስ፤ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ስትሄድ ያጉላላሃል። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልህን መምህራንም ማመልከቻው ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው አታስጨንቃቸው። «እኔ ላስገባልህ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅህ ደላላ ደግሞ ጆሮ አትስጥ፤ ለሁለቱም የነጻ ትምህርት ዕድሎች ማመልከት በነጻ ነው።