ባለቤቴ የልጃችንን መጽሐፍ ቀደደው

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎቹ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው። የ14 ዓመት ልጅሽ ከቤተ መጻሕፍት «ፒተር ፓንዘርፋውስት» የሚባል ኮሚክ ተውሶ መጣ። አባቱ ሳሎን ውስጥ አገኘው፣ ሲገልጠው ወታደርና የፈረሰ ከተማ አየ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ቀደደው። ልጁም በንዴት «አንተ ሰው ገድለህ ታውቃለህ?» አለው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ባለቤትሽ በወጣትነቱ ባድመ ዘምቷል፤ ስለዚያ ጊዜ ላንቺም በወጉ አውርቶልሽ አያውቅም። የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ልከልክለው? እኔ የማውቃትን ትንሽ ነገር ለልጁ ልንገረው?

ለሁለቱም መልሴ «ተዪው» ነው።

ከመጽሐፉ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2012 መታተም የጀመረ የአሜሪካ ኮሚክ ነው። ፒተር ፓንን፣ ማደግ እንቢ ያለውንና የሚበረውን የእንግሊዝ ተረት ልጅ፣ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመኖች በደበደቧት የፈረንሳይ ከተማ በካሌ ውስጥ ያኖረዋል። በተረቱ የፒተር ጓደኞች የሆኑት «የጠፉት ልጆች» እዚህ ወላጅ አልባ የፈረንሳይ ልጆች ናቸው። የፒተር ጠላት የሆነው መንጠቆ እጁ ካፒቴንም የናዚ መኮንን ሆኗል። መብረር የለም፤ ልጆቹ ከተቃጠለ ሕንፃ ለማምለጥ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ይዘላሉ። ደምም ሞትም አለበት። ለ14 ዓመት ልጅ የሚከለከል አይደለም። የ6 ዓመቷ ልጅሽ እጅ ግን አይግባ።

ባለቤትሽ «የልጆች ተረት ውስጥ ጦርነት ምን ይሠራል?» ማለቱ ይገባኛል። ግን የመጀመሪያውም ተረት ቢሆን ከጦርነት አላመለጠም። ደራሲው ጄምስ ባሪ ፒተር ፓንን እ.ኤ.አ. በ1904 መድረክ ላይ ያወጣው ወንድማማቾች ለሆኑት የወዳጆቹ ልጆች ሲያወራላቸው ከኖረው ጨዋታ ተነሥቶ ነው፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱም እሱ አሳደጋቸው። የሁሉም ታላቅ የነበረው ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1915 ፍላንደርስ ግንባር ላይ ተገደለ። ገና 21 ዓመቱ ነበር።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገርሽ። በዚህ ኮሚክ ውስጥ ታሪኩን የሚናገሩት ከጦርነቱ የተረፉት ናቸው፣ ካረጁ በኋላ፣ አንድ ሰው መጥቶ ስለጠየቃቸው። ልጅሽ ያነበበው ይህን ነው። እቤቱ ደግሞ ከጦርነት የተረፈ፣ ማንም የማይጠይቀው አባት አለው። ያ ጥያቄ በንዴት ይውጣ እንጂ እኔ ስድብ አይመስለኝም፤ ልጁ አባቱን ማወቅ ፈልጓል። ልጆች ስለ ወላጆቻቸው ያልተነገራቸውን ነገር በራሳቸው ሐሳብ ይሞሉታል፣ የሚሞሉትም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የባሰ ነው። ልጅሽ አሁን አባቱን ምን አድርጎ እየሳለው እንደሆነ አስቢ።

ባለቤትሽም ክፉ ሰው አይደለም። ጁላይ 4 ርችት ሲተኮስ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሬዲዮ እንደሚከፍት፣ ሌሊት በላብ ተጠምቆ እንደሚነሣ ጽፈሽልኛል። ሳላየው የበሽታ ስም አልሰጠውም። ግን ጦርነት ያለፈባቸው ሰዎች የሚያስታውሳቸውን ሁሉ ሲሸሹ፣ መሸሽ ሲያቅታቸው ደግሞ ሲቆጡ በሥራዬ በጣም አውቀዋለሁ። ያ ሥዕል ሳያስበው ምሽግ ውስጥ መልሶት ሊሆን ይችላል። እኛ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» እየተባልን ያደግን ነን፣ ወንድ ሲሆን ይብሳል።

አንቺ አትንገሪው ያልኩሽ ለዚህ ነው። የምታውቂው ቁራጭ ነው፤ ልጁ ቀሪውን ይገምታል፣ ባለቤትሽም አንቺን ማመን ያቆማል። መሐል ገብተሽ ወሬ አታመላልሺ። ይልቅ ልጆቹ በሌሉበት፣ ድካሙ ወጥቶለት ቡናውን ሲጠጣ፣ «ልጁ አንተን ፈልጎ ነው የጠየቀህ» በዪው። ሌላ ነገር አትጨምሪበት።

ከእሱ የሚጠበቀው ትንሽ ነው። የተቀደደውን መጽሐፍ ዋጋ ከልጁ ጋር ቤተ መጻሕፍት ድረስ ሄዶ ራሱ ይክፈል። አባት ልጁን ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ አይነካም፣ እንዲያውም ልጁ የሚጠብቀው እሱን ነው። ስለዚያ ከባድ ጥያቄ ደግሞ «አሁን ልመልስልህ አልችልም፤ በመጠየቅህ ግን አልተቀየምኩህም» ማለት ይበቃዋል። ልጅሽም ይህ ጥያቄ ዳግም የሚቀርብ እንዳልሆነ ይወቅ፤ አባቱ በራሱ ጊዜ ካነሣው ያነሣዋል።

ከዚያ ወሬው ከቀላሉ ይጀምር። ኮቾሮ ምን ምን ይላል? ማታ ማታ ምን ይዘፍኑ ነበር? አብሮት የነበረው ጓደኛው ምን ዓይነት ሰው ነበር? እዚያ ላይ እንባ ከመጣ ይምጣ፤ ልጁ አባቱን ሲያለቅስ ቢያየው አይሰበርም። እጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ፊቱ ከተለዋወጠ ግን ወሬው ለዚያ ቀን ይቁም፣ ወጣ ብለው ይራመዱ።

የሌሊቱ ነገር ግን በቤት ወሬ ብቻ የሚያልፍ አይመስለኝም። ከጦርነት ለተረፉ ሰዎች ተብሎ የተሠራ «ናሬቲቭ ኤክስፖዠር ቴራፒ» የሚባል ሕክምና አለ። ሰውየው ሕይወቱን ከልደቱ ጀምሮ መሬት ላይ በተዘረጋ ገመድ ያስቀምጣል፣ ለደጉ ጊዜ አበባ፣ ለክፉው ድንጋይ እያደረገ። ከዚያ ከባለሙያው ጋር ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በቅደም ተከተል ያወራቸዋል። ዓላማው ማስረሳት አይደለም። ያ ነገር ያኔ፣ እዚያ ቦታ መሆኑን ሰውነቱም ጭምር እንዲያውቀው ነው። ኢ.ኤም.ዲ.አር. የሚባለው፣ ክፉውን ትዝታ እያሰቡ ዓይንን ወዲያ ወዲህ በማንቀሳቀስ የሚሰጥ ሕክምናም ብዙዎችን ረድቷል። «እብድ ነኝ እንዴ?» ካለሽ አትከራከሪው፤ «እንቅልፍህን እንዲያክሙልህ ነው» ብለሽ ጀምሪ፣ ውሸትም አይደለም።

መሞት እንደሚሻለው ከተናገረ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ራስን ለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች እርዳታ ወደሚሰጠው የአሜሪካ ስልክ መስመር፣ 988 ደውይ።

እንግሊዝኛው ለእንዲህ ያለ ወሬ አይበቃኝም ካለ፣ ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጁ እንግሊዝኛ ስለሚችል ብቻ አብሮ ገብቶ እንዲያስተረጉም ግን እንዳታደርጉት።